ከጆሮው ኋላ የተሰካ ላባ

ዶክተር ኦገስተስ ፌልን ሞቶ ያገኘችው ወጥ ቤቷ ወይዘሮ ብላንት ናት። የቀዘቀዘ የበሬ ምላስ በትልቅ ሳህን ይዛ ወደ መመገቢያው አዳራሽ ስትገባ ሰውየው እንደ ልማዱ በገበታው ራስ ላይ ተኮፍሶ ተቀምጧል። «ራት ቀርቧል ዶክተር» አለችው። ዝም አላት። ዝምታው አልገረማትም፤ በዚያ ቤት ስትሠራ አንድ ቀን መልሶላት አያውቅም። ሳህኑን ከፊቱ ለማኖር ጎንበስ ስትል ነው በአንገቱ የወረደውን ደምና ከግራ ጆሮው ኋላ የተሰካውን ነጭ የዝይ ላባ ያየችው። ሳህኑ ከእጇ አመለጠ። እኔ ስደርስ ምላሱን የጎረቤቱ ካቴድራል ድመት እያገባደደችው ነበር።

ዋልተር ግሪምሾ እባላለሁ፤ የሀልደንበሪ ፖሊስ ኢንስፔክተር ነኝ። አባቴና እናቴ ላንካሸር ውስጥ በጥጥ ፋብሪካ ሲደክሙ ኖረው የሞቱ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ያንን ቤት ገና ደም ሳይፈስበት በፊት ብንቀው አይፈረድብኝም። አንድ የሳሙና ነጋዴ ሲሞት ሀብቱን ሁሉ ለመዝገበ ቃላት ሥራ ተናዘዘ። ከዚያ ወዲህ ስድሳ ዓመት አለፈ። ሁለት የዓለም ጦርነት መጥቶ ሄደ፤ የቤቱ ሊቃውንት ግን ገና «ፒ» በሚባለው ፊደል ላይ ናቸው። ግማሾቹ በእርጅና ሞቱ፣ ሌሎቹ ሰልችቷቸው ሸሹ፤ የቀሩት ሦስት ነበሩ። ዛሬ ደግሞ ሁለት ሆኑ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው፤ ያም ሆኖ በመንገድ ሲያገኙን ባርኔጣ የምናነሳላቸው እኛ ነን።

አንድ ትልቅ ቃል በጨረሱ ቁጥር ድግስ አላቸው። የሚበላው ምላስ ነው፤ ቀልድ መሆኑ ነው። ከምላሱ በኋላ ዋናው አዘጋጅ በዓመቱ ከተሠሩት ስህተቶች የከፋውን ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነብባል። የተሳሳተው ሰው የዝይ ላባ ከጆሮው ኋላ ሰክቶ ያመሻል፤ ሌሎቹ ይስቁበታል። ተራው የማን እንደሆነ ዋናው አዘጋጅ አስቀድሞ ለማንም አይነግርም። የዚያን ዕለት የጨረሱት ቃል «ፔን» ነበር። ብዕር ማለታቸው ነው። አራት ዓመት ፈጅቶባቸዋል።

ሬሳውን የመረመረው ሐኪም ቸኩሏል።

«ቢላ አይደለም» አለኝ። «ክብ፣ ቀጭን፣ ሹል ነገር ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ተወግቷል።»

ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም። ከገበታው ጀርባ የመስታወት ሳጥን አለ። አዲስ አረንጓዴ ጨርቅ ተነጥፎበት የጽሕፈት ዕቃዎች በአንድ ረድፍ ተደርድረውበታል። ስማቸው የሚጻፍበት ካርድ ማተሚያ ቤት ስለነበር ዕቃዎቹ ባዷቸውን ነበሩ። በመስኮቱ በኩል መጀመሪያ የዝይ ላባ ብዕር፣ ቀጥሎ እርሳስ፣ ቀጥሎ ላባ መቅረጫ ሰንጢ፣ ቀጥሎ ቀለም የሚሞላ ብዕር፣ ቀጥሎ የነሐስ መጫሪያ፣ በመጨረሻ ጦርነቱ ካለቀ ወዲህ የመጣው እስክሪብቶ። የነሐሱ መጫሪያ ሮማውያን በሰም ሰሌዳ ላይ ይጽፉበት የነበረ ነው፤ ከካቴድራሉ ሥር ተቆፍሮ የወጣ። ገላው በዕድሜ ብዛት አረንጓዴ ሆኗል። ጫፉ ግን እንደ ወታደር የኮት ቁልፍ ያበራል። ገዳዩ ወግቶ፣ በጓዳው መታጠቢያ አጥቦና ፈትጎ፣ መልሶ አስቀምጦታል።

«ንጹሕ ሰው ነው» አለ ረዳቴ ሳጅን ፕላት።

ከገበታው ሥር አንድ ያረጀ ቆብ ተገኘ። የቆቡ ባለቤት ኔድ ስካንትልበሪ ነው፤ የቤቱን የማሞቂያ እሳት የሚያነድ የቀድሞ ወታደር።

የስካንትልበሪ ነገር ለሁሉም ግልጽ መሰለ። ባለፈው የገና በዓል መዝገበ ቃላቱን ተሸክሞ ሲያዘዋውር «ይህን የስልክ ማውጫ የት ላኑረው?» ብሎ ጠየቀ። ዶክተር ፌል ላባውን አስመጥቶ ከጆሮው ኋላ ሰካለት፤ ያውም ልብስ ልታደርስ በመጣችው በሚስቱ ፊት። በነጋታው መጠጥ ቤት ውስጥ «አንድ ቀን ያንን ላባ እሱው ላይ እሰካዋለሁ» ሲል የሰማው ሰው ብዙ ነው። አለቃዬ ይህን ሲሰማ ፊቱ በራ።

«በቃ፣ ተገኘ!»

«ጌታዬ፣ ቆቡ ብቻውን ምን ያደርግልናል? የሳጥኑን ጨርቅ ያነጠፈው ራሱ ነው፤ ያኔ ወድቆበት ይሆናል።»

«ግሪምሾ፣ እነዚያ ሊቃውንት እኮ ከጳጳሱ ጋር ሻይ የሚጠጡ ሰዎች ናቸው። ሌላ ሰው ካላመጣህልኝ በሳምንቱ መጨረሻ ፋይሉ ለዐቃቤ ሕግ ይሄዳል።»

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይህ ነው። በዚያ ዘመን እኛ አገር ነፍስ ያጠፋ በገመድ ይሰቀላል። ለስካንትልበሪ ገመዱ ተገምዶ አልቆ ነበር ማለት ይቻላል።

በማግስቱ ሚስ ሂልዳ ቨርናልን አነጋገርኳት። ፀጉሯ የሸበተ፣ አንገቷ የረዘመ ሴት ናት። ስትቀመጥ ወንበሩን በመሐረብ ጠረገችው፤ ከእሷ በፊት የተቀመጥኩበት እኔ ነበርኩ።

«ፔን የሚለውን ቃል የሠሩት እርስዎ ነዎት አሉ።»

«ቃል አይሠራም ኢንስፔክተር። ይመረመራል።»

«እሺ፣ ምን ተገኘበት?»

«ፔና፤ በላቲን ላባ ማለት ነው። ከፈረንሳዮች ወሰድነው። ሰው ላባውን ቀርጾ ሲጽፍበት የላባው ስም ለመጻፊያው ሆነ። ዛሬ ላባ ቀርቶ ብረት ሆኗል፤ ስሙ ግን አልወለቀም።»

«ለዚህች አራት ዓመት?»

«እርስዎ አንድ ሌባ ለመያዝ ስንት ጊዜ ይፈጅብዎታል?»

«ሌባው ቢያንስ ይሮጣል» አልኳት። ፈገግ እንኳ አላለችም። «ዶክተር ፌል ሲገደል የት ነበሩ?»

«ክፍሌ። ራሴን አሞኝ ተኝቼ።»

ዋሸች። አከራይዋ ከሻይ ሰዓት ጀምሮ ቤት አልነበረችም አለችን። ይባስ ብሎ ፌል የአራት ዓመት ድካሟን በራሱ ስም ሊያትመው እንደነበር ከወይዘሮ ብላንት ሰማሁ። ሴትየዋን ጠረጠርኳት፤ እውነት ለመናገር ደስም አለኝ።

ሦስተኛው ሊቅ ሚስተር ሴድሪክ ኦርም ናቸው፤ ምክትል አዘጋጅ። ጫማቸው ያበራል፣ ድምፃቸው ቅቤ ነው። በሬዲዮ ስለ ቃላት እያወሩ የከተማውን አሮጊቶች ሁሉ አስደስተዋል።

«ምስኪን ፌል!» አሉ እጃቸውን እያሻሹ። «ስካንትልበሪንም አይፍረዱበት። እንዲህ ያለ ሰው ቃል ሲያጥረው እጁ ይቀድማል።»

«እርስዎስ የት ነበሩ?»

«ካቴድራል፣ የማታ ጸሎት ላይ። መዘምራኑ እንደ መላእክት ሲዘምሩ፣ ኦርጋኑ ወለሉን ሲያንቀጠቅጠው! ከዚያ ወጥቼ ስመጣ ወይዘሮ ብላንት ትጮሃለች።»

«ላባው የዚያን ዕለት ለማን ነበር የታሰበው?»

«ፌል ምስጢሩን ለማንም አይነግርም። ለእኔ እንዳልሆነ ግን እርግጠኛ ነኝ።»

ሲወጡ በሩን ረዳቴ እስኪከፍትላቸው ቆመው ጠበቁ።

ስካንትልበሪ እስር ክፍሉ ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል። ስገባ አልተነሳም።

«አንተ ነህ የገደልከው?» አልኩት።

«ጌታዬ፣ እኔ ብሆን በአካፋ ነበር። የሳሎን መርፌ ምን ያደርግልኛል?»

«ላባውን እሰካበታለሁ ብለሃል።»

«ብያለሁ። ያልኩትን ሁሉ ባደርግ ይህ ከተማ ግማሹ ሬሳ ነበር።» ድምፁ ወረደ። «ሚስቴ ኤድና ዛሬ ጠዋት መጣች። ሲሰቅሉህ ሬሳህን ይሰጡኛል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አይሰጡም አልኳት። እውነቴን ነው አይደል?»

እውነቱን ነበር። የተሰቀለ ሰው እስር ቤቱ ግቢ ውስጥ ነው የሚቀበረው። በሩን ዘግቼ ወጣሁ።

በሦስተኛው ቀን ሳጅን ፕላት እየሳቀ ገባ።

«ሚስ ቨርናል ተገኘች!»

«የት?»

«የውሻ እሽቅድምድም! ከከተማው ዳር። አወራራጁ እንደ እህቱ ነው የሚያውቃት። በዚያች ማታ አንደኛው ውሻ ሲሸነፍ የሰደበችውን ስድብ እስካሁን እያወሩት ነው። እኔ እንኳ ወታደር ቤት ሆኜ አልሰማሁትም።»

እሽቅድምድሙ ላይ ምስክሯ መቶ ሰው ነው። ለነፍሷ ማምለጫ የሚሆናትን እውነት የደበቀችው የውሻ ነገር እንዳይታወቅባት ብቻ ነው። ከገመዱ ይልቅ ሐሜቱን የፈራች ሴት! በዚህ ዓይነት ትምህርት ልጄን አላስተምርም አልኩ። ያም ሆነ ይህ ሴትየዋ ነጻ ሆነች፤ አለቃዬ ደግሞ የስካንትልበሪን ፋይል ማሰር ጀመረ።

ያንኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ የከተማው ሙዚየም ኃላፊ ጃንጥላዋን እያወዛወዘች ጣቢያ ገባች። ዕቃዎቹን ለመዝገበ ቃላት ቤቱ ያዋሰችው እሷ ናት።

«የትኛው ፖሊስህ ነው ዕቃዬን የነካው?»

«ማንም አልነካም እመቤቴ። ነሐሱን ብቻ ነው የወሰድነው፤ እሱም ፎቶ ከተነሳ በኋላ።»

«ፎቶውን አይቼዋለሁ፤ ለዚያ ነው የመጣሁት! ነሐሱን ማን ነው ከእስክሪብቶው ጎን የሸጎጠው? ስካንትልበሪ ሲደረድር በላዩ ላይ ቆሜበት ነበር። በዕድሜያቸው ነው ያስደረደርኩት። ነሐሱ የሁሉም አያት ነው፤ በመስኮቱ በኩል መጀመሪያ! ከዚያ ላባው፣ እርሳሱ፣ ሰንጢው፣ ብዕሩ፣ እስክሪብቶው። የሁለት ሺህ ዓመት ዕቃ ከትናንት ወዲያ ፋብሪካ ከተሠራ ነገር ጋር ይጎዳኛል? አንድ ደንቆሮ ካልሆነ በቀር ይህን ማን ያደርጋል?»

ስድቧን አልጨረሰችም፤ እኔ ግን መስማት አቁሜ ነበር። ገዳዩ ነሐሱን በንዴት ከዳር መዥረጥ አድርጎ ወስዷል። አጥቦ ሲመልሰው ካርድ የለም። ዳር ላይ ስለነበረ ክፍተቱም አይታይም። እኔ ብሆን ዳር ላይ እወረውረው ነበር፤ ስካንትልበሪ ቢሆን ደግሞ ራሱ ባስቀመጠበት ቦታ ይመልሰው ነበር። ይህ ሰው ግን ሁለት ዕቃዎችን ገፋ ገፋ አድርጎ መካከላቸው ቦታ አበጅቶለታል። ሬሳ ከኋላው ተቀምጦ ደሙ እየተንጠባጠበ ይህን ያህል የደከመው ያ ቦታ ትክክል ስለመሰለው ነው።

ሚስ ቨርናል ዘንድ ሄድኩ። ዕቃዎቹን ጠረጴዛዋ ላይ ዘረገፍኳቸው። ነሐሱንም በጨርቅ ጠቅልዬ አምጥቼዋለሁ።

«ይደርድሩልኝ።»

«በምን መሠረት?»

«እንደመሰለዎት።»

ሳታስብ ደረደረችው። ላባ፣ እርሳስ፣ ሰንጢ፣ ቀለም የሚሞላ ብዕር፣ ከዚያ ነሐሱ፣ ከዚያ እስክሪብቶ። ገዳዩ ትቶት እንደሄደው፣ አንድ ሳይዛነፍ።

«ነሐሱ እኮ የሁሉም አያት ነው አሉ» አልኳት።

«ዕቃው አያት ይሆናል። ቃሉ ግን ስታይለስ ነው፤ ወደ እንግሊዝኛ የገባው ትናንት ነው ማለት ይቻላል፤ ቀለም ከሚሞላው ብዕር ስም እንኳ ያንሳል። በዚህ ቤት አንድ ነገር የሚወለደው ስሙ ሲጠራ ነው። ዕቃው መሬት ውስጥ ስንት ዘመን ተቀበረ ብለን አንጠይቅም። ሌላ ሰው እብደት ይመስለዋል፤ እኛ ግን እጃችን ሌላ አያውቅም።»

«እናንተ ማለት?»

«እኔ፣ ፌልና ኦርም።» አፏን በእጇ ያዘች። ጅል አይደለችም። ወንበሬን ሳትጠርግ ወደ እኔ ተጠጋች። «ላባው ለኦርም ነበር። ጋዜጣ ላይ የወጣውን የሬዲዮ ንግግሩን ቆርጬ ለፌል የሰጠሁት እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

«ስለሚያስቅ።»

ሳጅን ፕላትን ካቴድራል ሰደድኩት። ሳይውል ሳያድር ተመለሰ።

«የዚያን ማታ መዝሙር አልነበረም» አለኝ። «አይጥ የኦርጋኑን ወናፍ በልታው ቄሱ ጸሎቱን በንባብ ብቻ ነው ያደረሱት። የነበሩት ምእመናንም አራት አሮጊቶች ናቸው። ሚስተር ኦርም ሁልጊዜ የሚሰሙትን መዝሙር ነው የነገሩን።»

መዝሙር ስላልተዘመረ ብቻ ግን አለቃዬ የጳጳሱን ወዳጅ አያሳስረኝም። ዕቃ አደራደር ነግሬውማ ሳቀብኝ። የሰውየው የገዛ አፍ ያስፈልገኛል። የት ላይ እንደሚያምመው ደግሞ አሁን አውቄያለሁ።

ኦርምን ወደ አዳራሹ አስጠራኋቸው። እኔ በፌል ወንበር ተቀምጫለሁ፤ ከፊቴ የዝይ ላባውን አኑሬያለሁ። ሳጅን ፕላት በሩ አጠገብ ቆሟል። ኦርም ወንበሩን፣ ላባውን፣ እኔን አይተው ቆሙ።

«እንደማንኛውም ሰው፣ አንድም ቃል ለመናገር አይገደዱም፤ የተናገሩት ግን ይጻፋል» አልኳቸው።

«ኢንስፔክተር፣ ይህ ቲያትር ምንድነው?»

የሬዲዮ ንግግራቸውን አወጣሁና ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩ። «"ውድ አድማጮቼ፣ እርሳስ የምንልባት ፔንስል የፔን ታናሽ እህት ናት፤ ሁለቱም ከአንድ ወፍ ክንፍ የወረዱ ናቸው።"» ቀና ብዬ አየኋቸው። «እንዴት ያምራል!»

«ለሕዝብ የቀረበ ነው። ሕዝብ ቀለል ያለ ነገር ይወዳል።»

«ሚስ ቨርናል ሌላ ነው የነገረችኝ። ፔንስል የላባ ልጅ አይደለችም አሉ፤ በላቲን ትንሽ ጅራት ከሚለው ቃል ናት የመጣችው። የሠዓሊ ብሩሽ ነበረች። ዝምድና የላቸውም።» ላባውን አንስቼ ጠቆምኳቸው። «እንግዲህ በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች እንደተባለው ነው። ጅራቷን ክንፍ ነው ብለው ለመላው እንግሊዝ አስተማሩ!»

ሳቅሁ። ማስመሰል አላስፈለገኝም፤ ከልቤ ነው የሳቅሁት። ሳጅን ፕላትም ከበሩ ሳቀ።

የኦርም ፊት ነጣ። «ይብቃዎት።»

«ሕፃን ሁሉ እኮ መዝገበ ቃላት ገልጦ የሚያገኘው ነው አለችኝ። አዲሱ ዋና አዘጋጅ ሊሆኑ ነው መቼም፤ ታዲያ ላባውን ማን ይሰካልዎታል? ካልከፋዎት እኔ...» ብዬ ብድግ አልኩና ላባውን ወደ ጆሯቸው ዘረጋሁ።

እጄን መቱት።

«ልክ እንዲህ!» ብለው ጮኹ። ያ ቅቤ ድምፅ የለም። «ልክ እንዲህ ነው የሳቀው! እዚያው ወንበር ላይ! ቁራጩን ከፊቱ አይቼ ዘንድሮ እንዳያነበው ለመንኩት። ተንበረከክሁለት! "ጎንበስ በል፣ ኦርም፣ ልኩን ልየው" ብሎ ላባውን ወደ ጆሮዬ ዘረጋ። ያ የማይረባ እሳት አንዳጅ በተሰካበት ላባ! ከእሱ ጋር እኩል ሊያደርገኝ!»

«ስለዚህ ወጉት።»

«ዝም አሰኘሁት። ከዚያ ላባውን ለእሱ ሰካሁለት፤ እሱም ሲያምርበት ልየው ብዬ።»

«ስካንትልበሪ በእርስዎ ምትክ ሊሰቀል ነበር።»

በእውነት የተገረሙ መስለው አዩኝ። «ስካንትልበሪ? እሱ ደግሞ ማን ነው?»

ይህን ያሉት ስሙን ረስተውት አልነበረም። ያ ሰው ሰው መሆኑ ትዝ ብሏቸው አያውቅም። በሃያ ዓመት ሥራዬ ብዙ ገዳይ አስሬያለሁ፤ እንደዚህ የተጠየፍኩት የለም።

ጣቢያ ወስጄ የክሱን ወረቀት ራሴ ሞላሁ። ኦርም በካቴና ታስረው እንኳ አንገታቸውን አስግገው የምጽፈውን ያነባሉ። የመግደያው መሣሪያ ከሚለው ፊት «ፔን» ብዬ ጻፍኩ።

«ስህተት ነው!» አሉ። «ላባ የለውም እኮ! ስታይለስ ነው። ያስተካክሉት።»

«ይህ ለሕዝብ የሚቀርብ ነው፤ ሕዝብ ቀለል ያለ ነገር ይወዳል» አልኳቸውና ማህተሙን መታሁበት።

«በዳኛ ፊት ሊነበብ ነው! በስሜ ሊነበብ! ኢንስፔክተር፣ እለምንዎታለሁ!»

ሁለት ፖሊሶች ጎትተው ወሰዷቸው። ስለ ነፍሳቸው አንዲት ቃል አልለመኑም። በኮሪደሩ እየራቁ ሲሄዱ ያንኑ ቃል ደጋግመው ይጮሃሉ። ስካንትልበሪ በዚያው ኮሪደር ተፈትቶ ይመጣ ነበር። ግድግዳውን ተጠግቶ አሳለፋቸው። ቆቡን መለስኩለት።

«ምን ሆኖ ነው የሚጮኸው?» አለኝ።

«ስሙ ተሳስቷል እያለ ነው። የገደለበት ዕቃ ስም።»

«ለምን ገደለው?»

«አንድ ቃል ተሳስቶ ነበር። ሊሳቅበት ሆነ።»

ስካንትልበሪ ቆቡን በእጁ ሲያዞረው ቆየ። በመስኮቱ በኩል ሚስቱ ኤድና በረንዳው ላይ ቆማ ትታያለች፤ መፈታቱን ገና ማንም አልነገራትም።

«በእኔ እኮ ሳቁ» አለ ቀስ ብሎ። «በሚስቴ ፊት። እኔ ግን ማንንም አልገደልኩም። ሊሰቀል የነበረው ደግሞ እኔ ነኝ።»



ከዚያ ወለላችን ላይ እንትፍ አለበት። መትፋት ክልክል ነው የሚለው ማስታወቂያ ልክ ከራሱ በላይ ተሰቅሏል። ሳጅን ፕላት አየኝ። እኔ በሩን ከፈትኩለትና እስኪወጣ ድረስ ይዤለት ቆምኩ።